ሳልሞት ከቤት የወጣው ምስሌ

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ሥዕልና ዲዛይን ልማር ሮቤ ውስጥ ወዳለ አንድ ኮሌጅ ስሄድ መዝጋቢዋ «የልጅ ልጅዎን ነው የሚያስመዘግቡት?» አለችኝ።

«ራሴን ነው» አልኳት።

አልሳቀችም። እኔም አልሳቅሁም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩበትን ማስረጃ ሰጥቻት ተመዘገብኩ።

የመጀመሪያው የቤት ሥራ ባዶ ጠርሙስና አንድ ድንች መሳል ነበር። ድንች ዕድሜዬን ሙሉ ስልጥ ስቀቅል ኖሬ፣ እንዲህ ያለ መልክ እንዳለው አላውቅም ነበር። ቀጥሎ የፊደል አጣጣል፣ ከዚያ የዳቦ ቤት ማስታወቂያ ሠራን። ጥላ ጥቁር አለመሆኑንም እዚያው ተማርኩ። ጠዋት ጉሙ ገፈፍ ሲል በጋሪ ፈረሶቹ ሆድ ሥር ያለው ጥላ ሰማያዊ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ወይን ጠጅ ወደ መሆን ይሄዳል። ከከተማው ወጣ ብሎ በሲናና በኩል የደረሰውን ስንዴ ሰው ሁሉ ቢጫ ይለዋል። ቢጫ አይደለም። ይህን ለጎረቤት ብናገር ስለ ጤናዬ ስለምጠየቅ ለራሴ ያዝኩት።

የመጨረሻው ሥራ የራስን ምስል በትልቅ ሸራ ላይ መሳል ነበር። ሥራዎቹ ሁሉ በአዳራሽ ተሰቅለው ለእንግዶች ይታያሉ ተባለ። መስታወት ፊት ወንበር አስቀምጬ ጀመርኩ። ሻሽ አላሰርኩም። የሳሳውን ሽበቴን፣ ወደ ታች የወረደውን የግራ ዓይኔን ሽፋን፣ ከላይ የጎደለውን ጥርስ፣ የአንገቴን ቆዳ እንዳየሁት አስቀመጥኩት።

አስተማሪያችን በዕድሜ ልጄ ሊሆን የሚችል ትሑት ሰው ነው። ሸራውን አይቶ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እማማ፣ የወጣትነት ፎቶ የለዎትም?»

«አለኝ።»

«ከእሱ ላይ ቢሠሩት አይሻልም? ለዓይን ደስ የሚል ነገር ይወጣዋል። እንግዶችም ይመጣሉ።»

«የተባለው የራስ ምስል ነው። አንተ ጋ የተመዘገብኩት እኔ ነኝ እንጂ ያቺ ልጅ አይደለችም።»

«እንግዲህ የኋላው ግድግዳ ላይ ልሰቅለው ነው።»

«የትም ስቀለው። ብቻ አትንካው።»

ለምን እንዲህ እንደጸናሁ አልነገርኩትም። ባለቤቴ ሲሞት ለለቅሶው የተያዘው ምስል ከወጣትነት ፎቶው ላይ ተነሥቶ የተሠራ ነበር። ጎፈሬው የተበጠረ፣ መልከ መልካም ሰው። ያስታመምኩት ግን እሱን አልነበረም። ለማላውቀው ጎረምሳ እስከ ሰልስቱ ሳለቅስ ቆየሁ። የኔው ሰው ፊት የት እንደገባ የጠየቀ አልነበረም።

ከአስተማሪው ይልቅ ያስቸገረችኝ ልጄ ናት። አብረን ነው የምንኖረው።

«እማዬ፣ ይሄን የሚያህል ምስል መቼ እንደሚሠራ ታውቂያለሽ።»

«አሁን ተሠራ።»

«ሟርት ነው! በገዛ እጅሽ! እሺ፣ ሻሽ እንኳ አልብሺው።»

«ስቀመጥ ሻሽ አላሰርኩም።»

«ጥርሱንስ ብትሞዪው ማን ይከስሻል?»

«እኔ።»

ሥራውን አስገብተን ለእንግዶች የሚታይበት ቀን ደረሰ። ሸራው በባጃጅ የሚገባ ስላልሆነ ጋሪ አስጠራሁ። ልጄ ነጭ አንሶላ አምጥታ ሸፈነችውና «ተሸፍኖ ካልሄደ እኔ አብሬሽ አልሄድም» አለች። ተሸፍኖ ደጅ ስናቆመው አንዲት መንገደኛ አስከሬን እንዳየች አማተበች። አንሶላውን ገፈፍኩና አጣጥፌ ያዝኩት። ልጄ ወደ ቤት ተመለሰች።

ብርዱ የሮቤ ጠዋት ብርድ ነበርና ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ተከናንቤያለሁ። ባለጋሪው ጺሙ የሸበተ ሰው ነው። ምስሉን ሲያይ ኮፍያውን አወለቀ።

«ኢናሊላሂ... እህትዎ ናቸው፣ አዴ?»

«እኔ ነኝ።»

ሸራውን አየ። እኔን አየ።

«ታዲያ ወዴት ነው የሚሄዱት?»

«ፈተና። ጫነውና ንዳ።»

አንሶላውን ወንበሩ ላይ አንጥፌ ተቀመጥኩበት። ሸራው ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ባለጋሪው ግን እንደ ቀብር ነበር የሚነዳው።

«ቶሎ በል እንጂ፣ ማንን ትጠብቃለህ?»

«እኔ አይደለሁም፣ ፈረሱ ነው። እንዲህ ያለ ፎቶ ሲጭን ቀስ ማለት ለምዷል።»

ገበያው ጋ ስንደርስ ሰዎች መነሣት ጀመሩ። ሻይ የያዙት ብርጭቋቸውን አስቀምጠው ቆሙ። አንድ ነጋዴ የሱቁን በር ገርበብ አደረገ። እጄን ከነጠላው አውጥቼ ሰላም አልኳቸው። ይህ ነገሩን አላሻሻለውም፤ አንዷማ ደረቷን መታች። መውረድና ሸራውን ማዞር እችል ነበር። ሕይወቴን ሙሉ በዚህ መንገድ ሳልፍ ማንም ብድግ ብሎልኝ አያውቅም። ቀና ብዬ ተቀመጥኩ።

አዳራሹ ስንደርስ አስተማሪው እንዳለው ከኋላ ግድግዳ ላይ ሰቀለው። እስከ እኩለ ቀን ድረስ ከተማሪዎቹና ከጥቂት ወላጆች በቀር የመጣ አልነበረም። ልጆቹ ሥራቸው አጠገብ ቆመው ስልካቸውን ይነካካሉ።

በዚያው ሰዓት ቤቴ ሰው ሞልቶ ኖሯል። የዕድር ሰዎች ልጄን «ድንኳኑን የት እንትከለው?» ብለው ሲጠይቋት «አልሞተችም! አዳራሽ ናት፣ ሄዳችሁ እዩ!» ብላ ጮኻባቸዋለች። ያመናት የለም። ሐዘን ነው ያናገራት ብለው ሊያረጋግጡ ተነሡ።

ጥቁር የለበሰ ሰው በአዳራሹ በር ሲገባ፣ ከኋላው ሌላ፣ ከኋላው ሌላ። አስተማሪው ደንግጦ ወደ እኔ መጣ።

«እማማ፣ እነዚህ ሁሉ የእርስዎ እንግዶች ናቸው?»

«ለቀስተኞቼ ናቸው።»

ሲገባው ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ሳቁን ነበር የሸፈነው። ከዚያ «ወደ ፊት እናምጣው፣ እዚህ በሩ ጋ?» አለኝ።

«የለም። አንተው ነህ ከኋላ ያልከው። እኔን ለማየት የመጣ የልጆቹን ሥራ እያየ ይምጣ።»

እያዩ መጡ። የልጆቹን ጠርሙስ፣ የልጆቹን ፊት፣ አንድ በአንድ።

ከጎባ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ሳትቀር መጣች። ማን እንደደወለላት እስካሁን አልነገረችኝም። ዓይኗ አብጧል። እኔን ስታይ በያዘችው ነጠላ መታችኝ።

«አንቺ! ገደልሽኝ እኮ!»

«የሞትኩት እኔ ነኝ ሲባል ነበር።»

«ከጎባ እስከዚህ ሚኒባስ ውስጥ ያለቀስኩትን ማን ይመልስልኛል?»

«ይያዝልሽ። ቀኑ ሲደርስ አታለቅሺም።»

ወደ ሸራው ዞረች። ጠጋ ብላ አየችው።

«ጥርስሽን እንኳ አልሞላሽውም።»

«የለማ።»

«የለም» አለች ቀስ ብላ። «ያን ቀን የሚይዙት ይህን ነው?»

«ይህን ነው። የወጣትነቱን ያወጣ ካለ ከሳጥኑ ተነሥቼ እቀማዋለሁ።»

አስተማሪው ያለፍኩበትን ማርክ ሰጠኝ፤ ከፍ ያለ አይደለም። አሠራሩ ጥሩ ነው፣ ትንሽ ልስላሴ ይጎድለዋል አለኝ። ጎድሎት ይቅር አልኩት።

ወደ ማታ ልጄ መጣች። ቀኑን ሙሉ ለቀስተኛ ስትመልስ ስለዋለች ድምጿ ሻክሯል። ሸራው ፊት ቆማ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አየች።

«የግራ ዓይንሽን አሳንሰሽዋል።»

«ያንሳል።»

«ያንሳል» አለች።

አንሶላውን ልሰጣት ዘረጋሁ። አልተቀበለችኝም። ሸራውን ከግድግዳው አውርዳ፣ ፊቱን ወደ ውጭ አድርጋ በሁለት እጇ ያዘችው፤ ቤታችን እስክንደርስ በእግር ልንሄድ ነው። ከግቢው ስንወጣ ጫማ የሚያስጠርጉ ሰዎች ብድግ አሉ።

«ተቀመጡ፣ አልሞተችም» አለች ሳትቆም።

ቀጥሎ ላሉትም እንዲሁ አለች። እኔ ከጎኗ፣ ነጠላዬን ከፊቴ አውርጄ እሄዳለሁ።