በአንድ ዓይን የተሣለው ልጅ

ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። አዲስ አበባ ሥዕል ተምሬ ወጣሁና ሥራ ሳጣ፣ ቡታጅራ አጠገብ አዲስ የተሠራች የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ትፈልጋለች ሲሉኝ ሄድኩ። ዘመኑ የጃንሆይ ነው፤ መንግሥት ይለወጣል ብሎ የሚያስብ ሰው በዚያ አካባቢ አላጋጠመኝም። ለጥቂት ወር ብዬ ሄጄ ዓመት ከመንፈቅ ቆየሁ።

ያኔ ሁሉን አውቃለሁ ባይ ነበርኩ። ጥላና ብርሃን፣ የሩቁን አሳንሶ የቅርቡን አጉልቶ መሣል ተምሬአለሁ፤ ይህን ባልተማሩት በድሮዎቹ ሠዓሊዎች በሆዴ እስቅ ነበር። የቤተ ክርስቲያኑ አስተዳዳሪ ቄስ ግን በሥዕል የሚቀለድባቸው ሰው አይደሉም። ይሁዳን፣ ሰይጣንንና ጌታን የገረፉትን ወታደሮች በጎን አዙሬ በአንድ ዓይን፣ ቅዱሳኑን ደግሞ ፊት ለፊት በሁለት ዓይን እንድሥል አዘዙኝ። ፊደል ያልቆጠረው ምእመን ጻድቁን ከኃጥኡ የሚለየው በዚህ ነው አሉኝ። ደንቡን ከልጅነቴ ስለማውቀው አዲስ አልሆነብኝም። እንደታዘዝኩት ሠራሁ፤ ነገሩን ግን ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም።

የምሠራው ግቢው ውስጥ ባለ ዕቃ ቤት ነው። ሥዕሉ አቡጀዲድ ላይ ተሠርቶ ሲያልቅ ግድግዳው ላይ በሙጫ ይለጠፋል። ከሥዕሎቹ አንዱን፣ ልጇን ያቀፈችውን ማርያምን፣ ያሠራችው ቡታጅራ ገበያ ቅቤ የምትነግድ ባልቴት ነበረች። አንድ ልጇ አዲስ አበባ ሄዶ ልብስ ሰፊ ከሆነ በኋላ በሳንባ በሽታ ሞቶባታል። በሥዕሉ ግርጌ፣ እንደ ልማዱ፣ ልጇ ተንበርክኮ እንዲሣልላት ፈለገች። መልኩን እንዳውቀው ፎቶግራፉን በሻሽ ጠቅልላ አመጣችልኝ። ወጣቱ ኮት ለብሶ፣ ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ ቆሟል። ሌላ ፎቶግራፍ አልነበራትም።

እኔ ደግሞ የሚቀናኝ የጎን ፊት ነው። ማርያምን ቀና ብሎ የሚያይ ልጅ ከጎኑ መታየቱ የተፈጥሮ ነገር መሰለኝ። የቄሱ ደንብ ለሰይጣንና ለመሰሎቹ እንጂ ቡታጅራ ተወልዶ ላደገ ልብስ ሰፊ ይሠራል ብዬ አላሰብኩም። አፍንጫውን፣ የአገጩን አወራረድ፣ የጆሮውን ቅርጽ ልክ እንደ ፎቶግራፉ አደረግሁት። እስከዚያ ቀን ከሠራሁት ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነበር፤ ዛሬም ይህን አልክድም።

ለማርያም ንግሥ አሥር ቀን ሲቀር መጥታ እንድታየው ላክሁባት። መጣችና ከፊቱ ቆመች። እጇን ወደ ልጁ ፊት ዘርግታ ሳትነካው መለሰችው። ከዚያ ዞራ ወጣች። ደስታ አፏን ያዘው ብዬ ብሩሼን ማጠብ ጀመርኩ።

ብዙም ሳይቆይ ከቄሱ ጋር ተመለሰች። ቄሱ ሥዕሉን አዩና በረጅሙ ተነፈሱ።

"ምን ነካህ?" አሉኝ። "የሰውን ልጅ ከይሁዳ ጋር ትደምራለህ?"

"አባ፣ ፎቶግራፉ እንዲህ ነው። ደግሞም ወደ ማርያም የሚያይ ሰው ፊቱን ወደ እሷ ማዞሩ የት ይቀራል?"

"ሕዝቡ የሚያየው ዓይኑን ነው። ለንግሥ የመጣው ሁሉ፣ ይህ ልጅ ምን ቢበድል ነው እንዲህ የተሣለው ይላል።"

ልከራከር አፌን ስከፍት ሴትዮዋ ቀደመችኝ። የሶዶ ጉራጌ ነች፤ አማርኛውን እየመረጠች ቀስ ብላ ነው የምትናገረው።

"የኔ ልጅ፣ አንተ አላጠፋህም። ያልነገርኩህ እኔ ነኝ። ግራ ዓይኑ የለም። በሰባት ዓመቱ፣ እኔ እንጨት ስፈልጥ፣ ስባሪው ዘሎ አወጣው።"

ቄሱ መሬት መሬት አዩ። ይህን እሳቸውም ከዚያ በፊት የሰሙ አይመስለኝም።

"ፎቶ ሲነሣም እንዳይታይበት ብሎ ነው የዞረው" አለች። "በዚህ ዓለም እኔ ዓይኑን አጥፍቼበት ኖረ። ማርያም ፊትም ጎዶሎ ሆኖ ይቁም?"

አፈርኩ። በዚያው ቀን የልጁን ፊት ነጭ ቀለም ደረብኩበት።

ፊት ለፊት ምን እንደሚመስል ግን ፎቶግራፉ አይናገርም። ሴትዮዋን እንድትቀመጥልኝ ለመንኳት። ሦስት ቀን ገበያዋን ትታ ከፊቴ በርጩማ ላይ ተቀመጠች፤ የግንባሩንና የጉንጩን አጥንት ከእሷ ወሰድኩ። ግራ ዓይኑ እንዴት ያለ ነበር ብዬ ስጠይቃት "እንደ ቀኙ" አለችኝ። እንደ ቀኙ አደረግሁት። እየሣልኩ ሳለሁ ልጁ እየራቀኝ እንደሄደ አውቀዋለሁ። ዓይኖቹ እንደ ቅዱሳኑ ዓይን ትልልቅ ሆነው ወጡ፤ ያ የሚያምር የአፍንጫ መስመር ጠፋ። ስስቅባቸው የነበሩት ሠዓሊዎች የሣሉት ይመስል ነበር።

በሦስተኛው ቀን ከሥዕሉ ፊት ገለል አልኩላት። ቀርባ ደህና አድርጋ አየችው።

"አይመስልም" አለች።

"እማማ፣ አሁንም ጊዜ አለ" አልኳት። "ግራውን ትንሽ ጨፈን ባደርገው ወደ መልኩ ይጠጋል።"

"አትንካው" አለችኝ። "እኔ ባላውቀውም ማርያም ታውቀዋለች።"