የነጣችው ካንዴላ

እስቲ ይህችን እሳት ጫሪ ካንዴላ ተመልከቱ። ከሞተሩ ተፈትታ ከወጣች ገና ሙቀቷ አልበረደም፤ ራቭና በቆዳ ጓንቷ መዳፍ ላይ አስቀምጣ ወደ መስኮቱ ብርሃን ታዞራታለች። ጫፏ ነጭ ነው፤ እንደ ኖራ የነጣ። ጥቁር ብትሆን ነዳጅ በዝቷል ማለት ነው፤ ሞተሩ ይጨስ ይሆናል እንጂ አይሞትም። ቡናማ ሆና የተቆላ ገብስ ብትመስል ጤና ነው። ነጭ ስትሆን ግን ሞተሩ ነዳጅ አንሶት ከልክ በላይ እየጋለ፣ ራሱን በራሱ እየበላ ነው።

«ጎአስኪ፣ ፊትሽን እንዲህ ስታኮሳትሪው እኮ ሞተሩም ይፈራል» አላት ሄይካ። ጎአስኪ ማለት በአውሮፓ ሰሜን ጫፍ በሚኖሩት በሳሚዎቹ ዘንድ የእናት ታላቅ እህት ናት። ሄይካ የሟች እህቷ ልጅ ነው፤ ሠላሳ አራት ዓመቱ፣ አጋዘን አርቢ፣ የተናገሩትን ሁሉ በቀልድ የሚያልፍ።

«ይፍራ! አንተ አልፈራ ብለህ ነው እንጂ እሱማ መፍራት ነበረበት።»

ራቭና ስልሳ አንድ ዓመቷ ነው። የመንደሩን የበረዶ ዶቅዶቄ ሁሉ የምትጠግነው እሷ ናት። ትምህርት ቤት ገብታ አልተማረችውም፤ የአባቷ ዶቅዶቄ አምባ ላይ እየቆመ እንቢ ሲላቸው፣ ጣቷ እየደነዘዘ ካርቡራተር ስትፈታና ስትገጥም ነው የተማረችው። በኋላ ካርቡራተሩ ቀረ፤ ነዳጁን መጥኖ የሚረጭ ኮምፒውተር መጣ። ወንዶቹም «እንግዲህ ጆሮሽ ጡረታ ወጣ» ብለው ሳቁባት። ሳቁ! እሷ ክረምቱን ሙሉ ተቀምጣ የማታውቀውን ቋንቋ መጽሐፍ በመዝገበ ቃላት እየቆፈረች አነበበች። የሳቁት ሁሉ ዛሬ ዶቅዶቄያቸውን እየጎተቱ በሯ ላይ ይሰለፋሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሄይካ ባለፈው መከር የዶቅዶቄውን ማርሚታ፣ የጭስ ማውጫውን፣ በቀላል ማርሚታ ለወጠ። አዲሱ ማርሚታ ሞተሩን እንደ ልብ ያስተነፍሰዋል፤ የፋብሪካው ኮምፒውተር ግን ይህን አያውቅም። ስለዚህ ራቭና ነዳጅ የምትጨምርና የምትቀንስ ትንሽ ሳጥን ገጠመችለት፤ ቁጥሩንም ካንዴላ እያየች አስተካከለች። እስከ ገና ድረስ ሰላም ነበር። በየካቲት ፒስቶኑ አምባ ላይ ቀልጦ ተበሳ። ሄይካ አሥራ ዘጠኝ ኪሎሜትር በእግሩ ተጉዞ ገባ። እግሩን ያተረፈለት እናቱ የሰፋችው የአጋዘን ቆዳ ጫማና ውስጡ የተጎዘጎዘው ሣር ነው።

ከተማ ያለው ዶቅዶቄ ሻጭ ምን አለ? ኮምፒውተሩን ሰካና ቁጥር አየ፤ ከወንበሩም ሳይነሳ «ይቺ ሴትዮ ናት ያቃጠለችው» ብሎ ፈረደ። በምን ብርድ ሄድክ፣ ምን ጎተትክ፣ ምን ጫንክ ብሎ አልጠየቀም። እንዲህ ያለ ሰው ደም ያፈላል! ወሬው ግን ከዶቅዶቄ ይፈጥናልና መንደሩን አዳረሰ። ራቭና ሞተሩን እንደገና ሠራችለት። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ነጭ ካንዴላ ይዞባት መጣ፤ ሁለቱንም ጊዜ ነዳጅ ጨመረችለት፤ ሁለቱንም ጊዜ ሳይሞክሩት ቸኩሎ ነጎደ። ይኸው ሦስተኛው።

ከነገ ወዲያ መንጋው ወደ ባሕሩ ዳርቻ ይነሳል። ያረገዙት አጋዘኖች፣ በውርጭ የጠጠረውን በረዶ ፀሐይ ሳታላላው፣ ወንዙም ሳይከፈት መሻገር አለባቸው። ሄይካ ከኋላ ብቻውን ነው የሚነዳው፤ ስልክ በማይሠራበት አምባ፣ አሥር ቀን። ዛሬ ራቭና «ሂድ» ወይም «ቅር» ማለት አለባት። «ሂድ» ብላው እጇ ከተሳሳተ፣ በዚህ ጊዜ የሚታጣው ፒስቶን ብቻ ላይሆን ይችላል።

ባሏ ዮቭና ጥግ ላይ ተቀምጦ የደረቀ የአጋዘን ሥጋ በቢላ ይልጣል። «ሁለት ጊዜ ጨምረሽለት ከነጣ፣ እንግዲህ በርሜሉን አናቱ ላይ ገልብጪበት» አላት።

«አንተ ሥጋህን ላጥ!» ወደ ሄይካ ዞረች። «ተነስ፣ በረዶ የሆነው ሐይቅ ላይ እንሞክረው። ዛሬ ቸኩያለሁ የምትል ከሆነ በዚህ ቁልፍ ነው የምልህ።»

አዲስ ካንዴላ አሰረች፤ ከኋላው ተፈናጠጠች። ብርዱ ከዜሮ በታች ሃያ አራት ነው፤ ፀሐዩ ግን ዓይን ይወጋል። የሐይቁን ወለል ዳር እስከ ዳር በሙሉ ኃይሉ አስነዳችው።

«ነዳጅ መስጫውን ሳትለቅ አጥፋ!» ብላ ጆሮው ላይ ጮኸች።

አጠፋው፤ ዶቅዶቄው ተንሸራቶ ቆመ። ኮፈኑን ከፍታ ካንዴላዋን ፈታች። ጥቁር! እንደ ድስት ቂጥ ጥላሸት የለበሰ ጥቁር።

«ነጭ ነበረች እኮ» አለ ሄይካ።

«አየሁ። ዓይን አለኝ።»

ሌላ ካንዴላ አስራ ደገመችው። ያችም ጥቁር። አንዱ ሞተር፣ በአንዱ ቤንዚን፣ በአንዱ ብርድ፣ አምባ ላይ ነጭ፣ ሐይቅ ላይ ጥቁር። ራቭና በረዶው ላይ ቆማ ለመጀመሪያ ጊዜ እጇን ጠረጠረች። ምናልባት ሻጩ ልክ ይሆን? ሐሳቧ ከብርዱ ይልቅ አጥንቷን በላው።

ወደ ጋራዡ ሲመለሱ ነጯንና ጥቁሯን ካንዴላ ጎን ለጎን አስቀምጣ አየች። በኋላ ድንገት፣ «ሄይካ» አለች፣ «አሁን ወደ አምባው እንደምትሄድ ሆነህ ተነሳ። እንደ ሁልጊዜው። አንድም ነገር እንዳታስቀር።»

«አሁን? ባዶ ጋሪ ልጎትት?»

«ሙሉውን! ጫን!»

ሄይካ እያጉረመረመ ተነሳ። ተጎታቹን የበረዶ ጋሪ አሰረ። ገመዱን፣ የቤንዚኑን ጀሪካን፣ ምንጣፉን ጫነ። ቤት ገባና ከምድጃው አጠገብ የሰቀላትን የመረብ ከረጢት ይዞ ወጣ። ከዚያ ኮፈኑን ከፍቶ ከረጢቷን በማርሚታው ጎን ሸጎጣት፤ በመዳፉም ጠቅ ጠቅ አደረጋት። ኮፈኑን ሊዘጋ ሲል የራቭና እጅ ክንዱን ያዘው።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ሣር ነዋ።»

«የምን ሣር?»

«የጫማ ሣር! የምን ሊሆን ነው? እርጥብ አይደል? እየሄድኩ ይደርቃል። ማርሚታው እንደሁ በከንቱ ነው የሚግለው።»

ዮቭና ቢላውን አስቀመጠ።

ራቭና ጎንበስ ብላ አየች። የከረጢቷ አንዱ ጫፍ ማርሚታውን ተደግፏል። ሌላው ጫፍ የአየሩን ሙቀት የምትለካውን፣ ከጥፍር የማትበልጥ ነገር ጥብቅ አድርጎ ሸፍኗታል። ቀዝቃዛ አየር ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ብዙ ነዳጅ ይፈልጋል። ይህን ለኮምፒውተሩ የምትነግረው ያች መለኪያ ናት። ሣሩ ደግሞ የማርሚታውን ግለት ተሸክሞ እላይዋ ላይ ይደፋባታል። በሃያ አራት ብርድ ውስጥ ሆና «በጋ ነው፣ ሞቃት ነው» ትላለች፤ ኮምፒውተሩም አምኗት ነዳጁን ይቀንሳል። የሄይካን እግር ያተረፈው ሣር ነበር ሞተሩን የገደለው!

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች።

«ከገና ወዲህ። እናቴ ያጨደችው ነው፣ የመጨረሻው። ቶሎ ካልደረቀ ይሻግታል ብዬ...»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ስለ ሣር? ሰው ስለ ጫማው ሣር ለመካኒክ ይናገራል እንዴ? እዚህ ስደርስ ደግሞ መጀመሪያ እሱን ነው ቤት የማስገባው። እርጥብ ሣር ውጭ ይተዋል?»

አይተውም። በዚህ አገር እርጥብ ሣሩን ብርድ ላይ የሚተው ሰው የለም። ለዚህ ነው ራቭና አንድም ቀን ያላየችው።

ጋሪው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። መጀመሪያ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፤ ሄይካ ታለቅሳለች ብሎ ደነገጠ። ሳቅ ነበር። እስኪያማት፣ እንባዋ ጉንጯ ላይ እስኪረጋ ድረስ ሳቀች።

«እጄ አልነበረም» አለች። «ዮቭና፣ ሰምተሃል? እጄ አልነበረም!»

«እኔ መቼ ነበር አልኩ» አለ ዮቭና። ከሥጋው ወፍራሙን ቁራጭ አቀበላት።

«ግን እኔም አልጠየቅሁም» አለች እያኘከች። «ነጭ ሲያመጣልኝ ዝም ብዬ ጨመርኩ። እንደዚያ ሰውዬ ቁጭ ብዬ ፈረድኩ።» ይህን ለማለት ማንም አላስገደዳትም።

ከረጢቷን አወጣች። በሳጥኗ ላይ ሁለት ጊዜ የጨመረችውን ቀንሳ ቁጥሩን በመከር ወደነበረበት መለሰችው። በሙሉ ጭነት፣ ጋሪው እየተጎተተ፣ ሐይቁን ዳር እስከ ዳር ነዱ። ካንዴላዋ ስትወጣ የተቆላ ገብስ ነበረች። ሁለተኛዋም፤ ሦስተኛዋም።

«ሂድ» አለችው። ከደረቷ ላይ ድንጋይ የተነሳ ያህል ነበር።

«ሣሩስ?»

«አያትህ በደረቱ ነበር የሚያደርቀው። በብብትህ ያዘው፣ አንተ ማርሚታ ራስ!»

በአሥራ አንደኛው ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ስልኩ ጮኸ። በነፋሱ መሃል የሄይካ ድምፅ መጣ፤ «ጎአስኪ! ቡናማ ናት! እስከ ባሕሩ ድረስ ቡናማ! መንጋው ተሻግሯል፤ አንዷም ወልዳለች፣ ጥጃው ቆሟል!» ራቭና ስልኩን ዘግታ በሯን ከፈተች፤ ፀሐዩን ፊቷ ላይ አስመታችው። የጣሪያው በረዶ ጠብ ጠብ ማለት ጀምሯል።

ሻጩ እስከ ዛሬ ይቅርታ አላለም። አይልም። ቁጥር አይቶ የሚፈርድ ሰው ዓይኑን ከቁጥሩ አያነሳም።

እናንተ ግን አንድ ነገር አድርጉልኝ። ነገ አንድ ሰው የተበላሸ ነገር ይዞ ሲመጣባችሁ፣ «የእገሌ እጅ ነው» ከማለታችሁ በፊት ከወንበራችሁ ተነሱና «ስትነሳ እንዴት ነው የምትነሳው? እስቲ ጭነህ አሳየኝ» በሉት።