ከካንኩን መልስ
በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ላይ አትላንታ አጠገብ ኮሌጅ ፓርክ አንድ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ነበርኩ። ፊታቸው በፀሐይ የተላጠ እንግዶች ስለ ሜክሲኮ ባሕርና ፍርስራሽ ሲያወሩ ሰምቼ ሰምቼ ቀናሁ። በመጨረሻ የሰባት ዓመት ልጄን ይዤ ካንኩን ሄድኩ። አባቷ የሚነዳውን ታክሲ ትቶ መምጣት አልቻለም፤ አልፈለገም ብል ይሻላል።

ባሕሩን ወደድነው። በሦስተኛው ቀን በአውቶቡስ ወደ ማያዎች ፍርስራሽ ሄድን። የፒራሚዱ ደረጃ ጠባብና ቀጥ ያለ ነው። እኔ ገደል ነገር እፈራለሁ፤ እሷ ምኗም አይደል። ጫፉ ላይ ግድግዳ ተደግፌ ትንፋሼን ስሰበስብ፣ እጄን ለቃ ብቻዋን መውረድ ጀመረች። በቂጤ እየተንፏቀቅኩ ደረስኩባትና ክንዷን ጨምድጄ ያዝኳት። መሬት ስንደርስ በጥፊ አጮልኳት። ከንዴቴ ፍርሃቴ ይበልጥ ነበር፤ ለእሷ ግን ጥፊ ያው ጥፊ ነው። አኮረፈችኝ። ማታ ከተማው አደባባይ ላይ የገዛሁላትን አይስክሬም እንኳ እንዳኮረፈች በላችው።

አትላንታ አርፈን ኢሚግሬሽን ሰልፍ ላይ ስንቆምም አልታረቅንም። ኦፊሰሩ የእሷን የአሜሪካ ፓስፖርት፣ የእኔን የኢትዮጵያ ፓስፖርትና ግሪን ካርዴን አገላበጠ።

«ምንሽ ናት?»

«ልጄ።»

«ታዲያ የቤተሰብ ስማችሁ ለምን ይለያያል?»

እኛ አገር ሴት በባሏ ስም እንደማትጠራ፣ እኔ የአባቴን እሷም የአባቷን ስም እንደያዝን ላስረዳው ጀመርኩ። ልክ ያን ጊዜ ልጄ እጅጌዬን ጎተተችና በስሜ ጠርታኝ ሽንቷ እንደመጣ ነገረችኝ። እቤት አክስቶቿ በስሜ ሲጠሩኝ ሰምታ ነው ያደገችው፤ እኔም እናቴን በስሟ ነበር የምጠራት። ማንም ነገሬ ብሎት አያውቅም። ኦፊሰሩ ግን ቀና አለ።

«ይቺ ሴትዮ እናትሽ ናት?» አላት።

ኩርፊያዋ አልወጣላትም፤ ዝም አለችው። «ንገሪው እንጂ!» ብዬ ክንዷን ስነካት እጅጌዋ ከፍ አለ። የጣቶቼ አሻራ በልዞ ይታያል።

ወደ ጎን ወሰዱን። እሷን መስታወት ያለው ክፍል አስገብተው በሩን ዘጉት፤ እኔን ውጪ አስቀመጡኝ። ድምፅ አይሰማም። ሰውየው ክንዷን ሲያሳያት፣ እሷ ትከሻዋን ስትሰብቅ አያለሁ። እዚህ አገር ልጅ ከመታሽ ይወስዱብሻል እየተባባልን ነው የምንኖረው። ከጠየቁኝ እዋሻለሁ፣ ወድቃ ነው እላለሁ ብዬ ቆረጥኩ።

ኦፊሰሩ ወጣ። «ክንዷ ምን ሆኖ ነው?»

አፌ እምቢ አለኝ። «እኔ ነኝ። ፒራሚዱ ላይ ልትወድቅብኝ ነው ብዬ ጨምድጄ ያዝኳት። ታች ስንደርስ ደግሞ በጥፊ መታኋት።»

«እናቴ ናት ብላለች» አለ። «ግን ማንም አልነካኝም፣ ራሴ ወድቄ ነው ብላኛለች።»

ተመልሶ ገብቶ ጥቂት አነጋገራት፤ ከዚያ አየር ማረፊያው ደጅ ታክሲው ውስጥ ለሚጠብቀን ለአባቷ ደወለና ስማችንን አንድ በአንድ ጠየቀው። ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጀ። ፓስፖርቶቹን ሲሰጠኝ «ሁለተኛ እንዳትመቻት» አለኝ። እሺ አልኩት፤ ከልቤ ነበር።

ሻንጣችንን እየጎተትን ስንወጣ ለምን እንደዋሸች ጠየቅኳት።

«ቢወስዱሽስ?» አለችኝ፣ እኔኑ እየተቆጣች። «ማለቴ፣ እስር ቤት! ከዚያ እኔ ከማን ጋር እሆናለሁ?»

እዚያው ሰው መሀል ተንበርክኬ ይቅርታ ጠየቅኳት። እስከዚያ ቀን ድረስ ልጄን ይቅርታ ጠይቄ አላውቅም ነበር።