በሚስታቸው ፈንታ የሚነከሩት ሰው

"ልጄ፣ ዐይንሽ ከሩቅ ደህና ያያል?"

ሚርሲኒ ከመስኮቱ ዞር አለች። የእመቤታችን የፍልሰታ በዓል ነው፤ በግሪክ የበጋው እኩሌታ። አቴና እንዳለች ወደየትውልድ መንደሯ ወጥታለች፤ ከሲንታግማ አደባባይ ወደ ባሕሩ ዳር የሚወርደው የጠዋት ትራም ውስጥ አሥር ሰው እንኳ አልሞላም። ኔኦስ ኮስሞስ ፌርማታ ላይ የተሳፈሩት ሽማግሌ ግን ያን ሁሉ ባዶ ወንበር ትተው መጥተው ፊት ለፊቷ ተቀመጡ። ሸሚዛቸው ተተኩሷል፣ ጥቁር ጫማቸው ተወልውሏል፤ አለባበሳቸው የቤተ ክርስቲያን እንጂ የባሕር አይደለም። ራሳቸው ላይ ደግሞ ሰፊ የሴት የገለባ ባርኔጣ ደፍተው፣ ሰማያዊ ጥብጣቡን አገጫቸው ሥር አስረዋል።

"ያያል" አለች ሚርሲኒ፣ ባርኔጣውን ላለማየት እየታገለች።

"መነጽርስ?"

"ለማንበብ ብቻ።"

"እንግዲያው ምስክር ትሆኚኛለሽ።"

"ፍርድ ቤቱ ዛሬ ዝግ ነው እኮ!"

"የእኔዋ ዳኛ በዓል አታውቅም" አሉ ሽማግሌው። "ቤት ናት። አልጋ ላይ።"

ሚርሲኒ የጂኦግራፊ መምህርት ናት። ጓደኞቿ ሁሉ ወደ ደሴትና ወደ ተራራ ሄደው ብቻዋን ስለቀረች፣ ካላማኪ የባሕር ዳርቻ ወርዳ ትንሽ ዋኝታ፣ የተጠበሰ ዓሣ በልታ ልትመለስ ነበር ሐሳቧ። ግን ሰው ወሬ ሲጀምርላት መጽሐፏን የማትዘጋ ሴት አይደለችም። ዘጋችው።

"በመጀመሪያ ጉዳዩን ልስማ" አለች።

ሽማግሌው ኪር ስትራቲስ ይባላሉ፤ አቶ ስትራቲስ እንደ ማለት ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የባሕር ዳሩን አውቶቡስ ነድተዋል።

"ይህን ከተማ ያጠብኩት እኔ ነኝ ብል አልዋሸሁም" አሉ። "ጠዋት ደረቁን ሕዝብ አወርዳለሁ፤ ማታ እርጥቡን፣ ከነአሸዋው ከነሐብሐቡ ልጣጭ፣ እመልሳለሁ። እኔ ግን አንድ ቀን ካልሲዬን አላወለቅሁም።"

"አንድ ቀንም?"

"መጨረሻው ፌርማታ ላይ መኪናዬን አዙሬ፣ ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ፣ ጀርባዬን ለባሕሩ ሰጥቼ ቡናዬን እጠጣ ነበር። የተራራ ልጅ ነኝ፤ ከካርፔኒሲ በላይ ነው አገሬ። እናቴ 'ውሃ ከጉልበት ካለፈ ጎርፍ ነው' ትል ነበር። ከጎርፍ ጋር ምን ጨዋታ አለ?"

ውሃ አጣጫቸው ግን የካሊምኖስ ደሴት ሰው ናቸው፤ ዴስፒና ይባላሉ። አባታቸው ከባሕር ወለል ስፖንጅ የሚለቅሙ ጠላቂ ነበሩ፤ ዴስፒናም ከመራመዳቸው በፊት ዋኙ እየተባለ ይቀለዳል።

"የተዋወቅነውም በዚሁ ነው" አሉ ኪር ስትራቲስ። "ፀጉሯ ውሃ እያንጠባጠበ ገብታ ከኋላዬ ካለው ወንበር ላይ ዘጭ አለች። 'እመቤት፣ ወንበሬን አራስሽው!' ብዬ ጮህኩባት። 'ወንበሩስ ይደርቃል፤ አንተ ግን እንደ ደረቅህ ልትሞት ነው' አለችኝ። በዚያው ዓመት ተጋባን።"

በበጋ ሁለት አቴናውያን ሲገናኙ ከጤና ቀጥሎ የሚጠያየቁት "ስንት ሞላሽ?" ነው። ባሕር የገቡበት ቀን እንደ ጠበል ቀን ይቆጠራል። በተለይ ትልልቆቹ ሴቶች አርባ ሳይሞሉ በጋውን አይሸኙትም፤ አርባ የሞላ ሰው በብርዱ ወራት አያስልም፣ ወገቡንም አይይዘውም ይባላል። ባርኔጣቸውን እንደ ደፉ ውሃው ውስጥ እስከ አንገታቸው ይቆሙና፣ የሰፈሩን ሙሽራና ፍቺ አንድ በአንድ እያነሱ ሁለት ሰዓት ይፈጃሉ። ዴስፒናም ከእነዚህ አንዷ ነበሩ።

"በዘንድሮው በጋ ሃያ ሰባት ሞልቷት ነበር" አሉ ኪር ስትራቲስ። "በገዛ እጇ ባጠበችው የወጥ ቤት ወለል ላይ አዳለጣትና ዳሌዋ ተሰበረ። ብረት አስገቡላት፤ አጥንቱም ያዘ። 'ተነሺና እርገጪ' ሲሏት 'ነገ' አለች። በማግስቱም 'ነገ'። ልጃችን ከተሰሎንቄ በስልክ ትጮኻለች፣ ጎረቤት ይመክራል፣ ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ ነው። ሐኪሙ ወደ ጎን ጠርቶ 'እስከ ወሩ መጨረሻ ካልቆሙ አልጋው ያስቀራቸዋል' አለኝ።"

ትራሙ የኒያ ስሚርኒ ሰፈርን ዛፎች አልፎ ወደ ታች ተጠመዘዘና ባሕሩ ብቅ አለ። ኪር ስትራቲስ አይተውት እንደ ማይወዱት ጎረቤት ፊታቸውን አዞሩ።

"አንድ ቀን ትዕግሥቴ አለቀ። 'አንቺ ሴት፣ የምትፈሪው ምንድነው? ወለል እኮ ነው!' አልኳት። 'አንተስ ዕድሜህን ሙሉ የምትፈራው ምንድነው? ውሃ እኮ ነው!' አለችኝ። ከዚያ ትንሽ አሰበችና፣ 'ሃያ ሰባት ላይ እንደ ቆምኩ ብርዱ ከመጣ አለቀልኝ፤ የቀረውን አሥራ ሦስት አንተ ተነከርልኝ። አንተ በገባህ ልክ እኔም እነሳለሁ' አለች።"

"በእርስዎ ገላ የእሳቸው ይቆጠራል እንዴ?"

"እኔም ይህንኑ ጠየቅኋት። 'ቄሱ አንድ ሥጋ ናችሁ ሲሉን የት ነበርክ?' አለችኝ። እንግዲህ ከካሊምኖስ ሴት ጋር ተከራከሪ!"

"ባርኔጣውስ?"

"የሷ ነው። 'ባርኔጣዬን ካላደረግህ ባሕሩ በማን ስም እንደገባህ በምን ያውቃል?' ትላለች።"

ሚርሲኒ ሳቋ አመለጣት። ሽማግሌውም አልተቀየሙም፤ እንዲያውም ጥብጣቡን አጠበቁ።

በመጀመሪያው ቀን ለማጭበርበር ሞክረው ነበር። ባሕሩ ዳር ያለው የቧንቧ ሻወር ሥር ራሳቸውን አርሰው፣ ፎጣ አንገታቸው ላይ ጣል አድርገው ቤታቸው ገቡ። ዴስፒና "ቅረብ" አሏቸው። ቀረቡ። የባላቸውን ትከሻ በምላሳቸው ጫፍ ቀመሱና፣ "ይሄ የቧንቧ ነው። ጨው የለውም። ውጣ!" አሉ። ያ ቀን አልተቆጠረም።

ከዚያ በኋላ ማምለጫ አልነበረም። ባለባርኔጣዎቹ የዴስፒና ጓደኞች ከውሃው ውስጥ ሆነው ይጠብቋቸዋል፣ ማታ ደግሞ ለዴስፒና በስልክ ሪፖርት ያደርጋሉ። ኪር ስትራቲስ ሱሪያቸውን ጠቅልለው ዳር ላይ ሲቆሙ፣ ኦሊምፒያ የሚባሉት አለቃቸው፣ "ስትራቲ! ቁርጭምጭሚትህን የምታጠጣው ይበቅላል ብለህ ነው?" ይላሉ። ሌላዋ ይቀበላሉ፦ "ተዪው፣ አውቶቡሱን እየጠበቀ ነው!"

ቢሆንም ገቡ። እስከ ጉልበታቸው በገቡ ቀን ዴስፒና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። እስከ ወገባቸው ሲገቡ ዴስፒና እግራቸውን ወለሉ ላይ አሳረፉ። ትናንት እስከ ደረታቸው ገቡ፤ ዴስፒናም የአልጋውን ራስጌ ይዘው፣ አንድ "አባታችን ሆይ" እስኪደገም ቆሙ።

"እስከ ትናንት 'ለጀማሪ ይሁን' ተብሎ ተቆጥሮልኛል" አሉ ኪር ስትራቲስ። ድምፃቸው ወረደ። "ዛሬ ሠላሳ ሦስተኛው ነው። ዴስፒና 'እመቤት' ማለት ስለሆነ፣ የእመቤታችን በዓል የስሟም ቀን ነው። 'ጭንቅላትህን ከደፈቅህ በረንዳ ድረስ እሄዳለሁ፤ ካልደፈቅህ ግን ከእንግዲህ ማንም ተነሺ እንዳይለኝ' ብላለች። የአፏን ቃል አታጥፍም። ባለባርኔጣዎቹ ደግሞ በበዓሉ ምክንያት የውሃ ሽታ ሆኑ። ስለዚህ ልጄ፣ አንቺ ታዪና በስልክ ትነግሪያታለሽ።"

"እኔን በምን ያምኑኛል?"

"ሠላሳ ዓመት የስልክ ማዞሪያ ላይ ሠርታለች። ድምፅ ሰምታ ውሸታምን ታውቃለች።"

ካላማኪ ላይ አብረው ወረዱ። ባሕሩ ገና ነፋስ አልነካውም፤ ጸጥ ብሎ ተኝቷል። ዳሩ ላይ አንድ ቤተሰብ ሐብሐቡን ውሃው ውስጥ አስቀምጦ ያቀዘቅዛል። ኪር ስትራቲስ ሸሚዛቸውን እንደ ሱቅ ዕቃ አጣጥፈው፣ ካልሲያቸውን ጫማቸው ውስጥ ከትተው፣ ባርኔጣውንና ስልኩን ለሚርሲኒ ሰጡ።

"ባርኔጣው ይታያት" አሉ።

"ለማን?"

"ለባሕሯ ነዋ!"

ሚርሲኒ ባርኔጣውን ከፍ አድርጋ ያዘች። ሽማግሌው ሦስት ጊዜ አማትበው ገቡ። እስከ ጉልበት፣ እስከ ወገብ ደህና ሄዱ። እስከ ደረታቸው ሲደርስ ክንዳቸውን እንደ ክንፍ ዘርግተው ቆሙ። ቆሙ። የሐብሐቡ ቤተሰብ ማውራቱን ትቶ ያያቸው ጀመር። ጎንበስ ይሉና አገጫቸው ውሃ ሲነካ እሳት እንደነካቸው ቀና ይላሉ። ሦስት ጊዜ ሞከሩ። ከዚያም ዞረው፣ በዝግታ፣ ወደ ዳር መመለስ ጀመሩ።

ውሃው ከጉልበታቸው በታች ሲሆን ቆም አሉ።

"ልጄ" አሉ፣ ዐይኗን ሳያዩ። "ደፈቀ በያት።"

"ኪር ስትራቲስ..."

"አንዲት ቃል እኮ ናት። በረንዳው ድረስ ትሄድ። ከዚያ በኋላ ኃጢአቱን እኔ እሸከመዋለሁ። በእኔ ፍርሃት እሷ አልጋ ላይ ትቅር?"

ሚርሲኒ ልትመልስ አፏን ስትከፍት ስልኩ እጇ ላይ ጮኸ፤ አንስታ "ሃሎ" አለች።

"ማን ነሽ?" አለ ጠንካራ የሴት ድምፅ።

"ሚርሲኒ እባላለሁ፣ እመቤቴ። ትራም ላይ ተገናኝተን ነው። ለስምዎ ቀን እንኳን አደረስዎ፣ ብዙ ዓመት ይኑሩ።"

"አብረን እንኑር። ደፈቀ?"

ኪር ስትራቲስ ሁለት እጃቸውን እንደሚጸልይ ሰው አጋጥመው ያዩዋታል። ሚርሲኒ ለአንድ አፍታ ቃሉ ምላሷ ላይ መጣ። በስልኩ ውስጥ የሰማችው ግን ቁርጥ ቁርጥ የሚል ትንፋሽ ነበር፤ ተኝቶ የሚያወራ ሰው ትንፋሽ አይደለም።

"እስከ ደረታቸው ገብተዋል" አለች። "አልደፈቁም።"

ከዚያም ድምፁ እንደገና መጣ፣ ቀስ ብሎ፦

"አውቄዋለሁ። ስሚኝማ፣ የኔ ልጅ። እኔ እስኪደፍቅ አልጠበቅሁትም። ከታች ያለችው ጎረቤቴ ቫሶ ክንዴን ይዛኛለች፤ የበረንዳው በር ላይ ቆሜያለሁ። እግሬ እንደ ቅጠል ይንቀጠቀጣል፣ ብዙ አልቆይም። አንድ እርምጃ ነው የቀረኝ፣ ግን ደፉን መሻገር አቃተኝ። ይህንን ንገሪው።"

ሚርሲኒ ስልኩን ከጆሮዋ ሳታነሳ ጮኸች፦ "ቆመዋል! በበረንዳው በር ላይ ቆመዋል! ደፉ አቃታቸው! ብዙ አይቆዩም!"

ኪር ስትራቲስ መጀመሪያ የሰሙ አልመሰሉም። "ቆማ?" አሉ። "ዴስፒና? አሁን?"

"አሁን!"

ዞሩ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሚርሲኒ ሳትስቅ አውርታው አታውቅም፤ ሽማግሌው አውቶቡስ እንዳመለጠው መንገደኛ እየሮጡ፣ ውሃውን በሁለት እጃቸው እየገፉ፣ የእመቤታችንን ስም እየጠሩ ገቡና አፍንጫቸውን በጣታቸው ይዘው ጠፉ። ውሃው ላይ ራሰ በራቸው እንኳ አልታየም። የሐብሐቡ ቤተሰብ አባት ተነስቶ ቆመ።

"ደፈቁ!" አለች ሚርሲኒ። "እመቤቴ፣ ደፈቁ! አይታዩም!"

"እስኪወጣ ቁጠሪ" አለ ድምፁ። "አንድ... ሁለት..."

በአራት ወጡ። እያስነጠሱ፣ እየተፉ፣ ዐይናቸውን መግለጥ አቅቷቸው በተሳሳተ አቅጣጫ ወደ ጥልቁ እየተራመዱ፣ "ገባ? ራሴ ገባ ወይ?" ይጮኻሉ። የሐብሐቡ ቤተሰብ አባት ዘልሎ ገብቶ ክንዳቸውን ይዞ አዞራቸው።

"ገባ!" ስትል ሚርሲኒ፣ በስልኩ ውስጥ አንድ ነገር ተንኳኳ፤ "ቀስ፣ ቀስ" የሚል የሌላ ሴት ድምፅ ተሰማ፣ ቀጥሎም የመንገድ ጫጫታ፣ የሞተር ብስክሌት ድምፅና የሩቅ ደወል።

"ፀሐይ ነው እዚህ" አሉ ዴስፒና። እያለቀሱ እንደሆነ ሚርሲኒ ገብቷታል።

ከሐብሐቡ ተቆርጦ ተሰጣቸውና ቆመው በሉ። ኪር ስትራቲስ ሸሚዛቸውን በእርጥብ ገላቸው ላይ ለበሱት፤ ካልሲያቸውን ኪሳቸው ውስጥ ጨመሩት። ሚርሲኒ የራሷን ዋና ረስታ አብራቸው ተመለሰች። በትራሙ መንገድ ላይ ወደ ባሕሩ ዞረው፣ "ከሥሩ አረንጓዴ ነው እኮ፣ ታውቂያለሽ?" አሏት።

ኔኦስ ኮስሞስ ሊደርሱ ሲሉ በሩ ጋ ሄደው ቆሙ፤ ትራሙ ሳይቆም ሊወርዱ የፈለጉ ይመስል አንድ እግራቸውን ወደፊት አድርገዋል።

"ምን ያስቸኩልዎታል?" አለች ሚርሲኒ። "ባለቤትዎ እስካሁን ደክሟቸው ተቀምጠዋል እኮ።"

በሩ ተከፈተ። ኪር ስትራቲስ ወርደው ከአስፋልቱ ላይ ሆነው ቀና አሉ።

"ትቀመጥ እንጂ፣ ልጄ። እኔ የምቸኩለው ስትነሳ ላያት ነው።"