ሰራዊትና የትንሿ ጋላክሲ ማግኔት

ሰራዊት በዚያን ዕለት ጠዋት ለምን ሳቀ? አሶሳ ውስጥ አንድ ቤት አብሮት የተከራየው የታሪክ መምህሩ ምንይችል ይህን እስከ ዛሬ ሊመልሰው አልቻለም።

ሰራዊት የድባጤ ልጅ ነው፤ ፊዚክስ ያስተምራል። ለዶክትሬቱ የያዘው ሥራ የአንዲት ትንሽ ጎረቤት ጋላክሲ ማግኔት ምን ያህል እንደሚበረታ መለካት ነበር። ማግኔት አይታይም። ከበስተኋላዋ የሚመጣ የሬዲዮ ሞገድ በጋላክሲዋ ውስጥ ሲያልፍ ግን ይጠመዘዛል፤ ከጥምዛዜው ልክ ተነስቶ ማግኔቱ ይሰላል። የምድር ሰማይም በበኩሉ ሞገዱን ይጠመዝዘዋል፤ ምሽት ላይ በርከት አድርጎ፣ ሊነጋ ሲል ጥቂት። ስለዚህ የሰማዩ ድርሻ እንደ ሰዓቱ ተሰልቶ መቀነስ አለበት።

ሩቅ አገር፣ ግን በእኛው የሰዓት ክልል ያለው ቴሌስኮፕ ለሰራዊት የሰጠው አንድ ምሽት ብቻ ነበር። ከባለሙያዎቹ ጋር በኢንተርኔት እየተነጋገረ ሳለ ታናሽ ወንድሙ ቢሻው ከድባጤ ደወለ። ዘጋበት። ደግሞ ደወለ፤ ደግሞ ዘጋበት። ነገ እደውልለታለሁ ብሎ ነበር። ዘመኑ 2013 ነው፤ በማግስቱ ቢሻው፣ ሌሊቱን ድባጤ ላይ በደረሰው ጥቃት ከተገደሉት መካከል ተገኘ።

ሰራዊት ለቀስተኞቹን ሸኘ። ለምንይችል ብቻ፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ "ቢያንስ ቁጥሩ ይወጣል" አለው። ቁጥሩም ወጣ። የጋላክሲዋ ማግኔት ማንም ከጠበቀው በላይ ብርቱ ነበር።

ጽሑፉን ሊልክ ባለበት ጠዋት ምንይችል ዳቦ ይዞ ገባ።

"ዶክተር፣ ዛሬም ሳትተኛ አደርክ? ይቺ ጋላክሲ ሚስት ሳትሆንህ አትቀርም።"

"አልቋል። አሁን እልከዋለሁ።"

"ለመሆኑ ስንት ሰዓት ላይ ነው ያየሃት?"

"ሦስት ሰዓት። ቢሻው ሲደውል ሰዓቴን አይቻለሁ።"

"የእኛ ሦስት ወይስ የፈረንጅ? እኔ ጋ አቆጣጠሩን ያልለየ ተማሪ ዜሮ ነው የሚያገኘው!"

ሰራዊት ወደ ላፕቶፑ ዞረ። ያን ምሽት መሐል ላይ ኢንተርኔቱ ተቋርጦበት ስለነበር የምልከታውን ሰዓት ሠንጠረዥ የሞላው በእጁ ነው። ከፍቶ አየው፤ 3 ይላል። ከምሽቱ ሦስት ማለቱ ነበር። ኮምፒውተሩ ግን ከእኩለ ሌሊት ስለሚቆጥር፣ ሊነጋጋ ሲል የሚኖረውን ጥቂት ጥምዛዜ ብቻ ቀንሶለታል። ሰዓቱን አስተካክሎ እንደገና አሰላ። ማግኔቱ ጠፋ። የጋላክሲዋ ነው ያለው ሁሉ የቴሌስኮፑ አናት ላይ የነበረው ሰማይ ነበር።

ያኔ ነው የሳቀው። አጭር ሳቅ።

ምንይችል ነገሩ ሲገባው ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እንዳለ ላከው። ማን ሰዓትህን ይጠይቅሃል?"

"አንተ ጠየቅኸኝ አይደል?"

ለአማካሪው ጻፈ፦ ማግኔቱ አልተገኘም፤ ስህተቱ የእኔ ነው። ለዶክትሬቱ የተሰጠው የመጨረሻ የጊዜ ማራዘሚያ በዚያ ወር እንደሚያበቃ እሱም አማካሪውም ያውቃሉ። ላፕቶፑን ዘጋ።

"ስልኩን አንስቼ ቢሆን..." አለና ተወው።

ጫማውን ሳያወልቅ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተጋደመ። ምንይችል ትንፋሹን እያዳመጠ በሩ ላይ ቆመ፤ ክፍል ውስጥ የሚጠብቁትን ተማሪዎቹን ረስቷል። ሰራዊት እንቅልፍ የወሰደው ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ነበር።