ገመዱን የያዝኩ ዕለት

ያ ሰውዬ ቀረሮ ዛፍ ላይ ግንዱን አቅፎ ተንጠልጥሎ ከታች ሆኜ ያየሁበትን ቀን ሳስታውስ ዛሬም ደስ ይለኛል። ይህን የምጽፈው ንስሐ ለመግባት አይደለም። እሁድ እሁድ ስለ ይቅርታ ሲሰበክ ጫማዬን እያየሁ ነው የማሳልፈው፤ ሰባኪያችንም ስለሚያውቀኝ ወደ እኔ ወንበር ብዙ አያይም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ ትንሹንም የማልረሳ ሰው ነኝ።

መንደራችን ከሚዛን ተፈሪ ወደ ሸኮ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብላ ጫካ ውስጥ ያለች ናት። ሚዛን ኮሌጅ ተምሬ ስመለስ ሥራ አጥቼ ቤት ተቀመጥኩ። ስድስት ቤተሰብ ሆነን እንግዳ ለመቀበል የተስማማነው ያኔ ነው። ሥራው በተራ ነበር፤ አንዱ ቤት ምሳ ሲያበላ ሌላው መንገድ ይመራል፣ ሌላው ያሳድራል፣ በሚቀጥለው ጊዜ ተራው ይዞራል። የምናሳየው የራሳችንን ኑሮ ነው፤ በዛፍ ጥላ ሥር ማንም ሳይተክለው የበቀለ ቡና፣ ምንጩን፣ ጎደሬ ተነቅሎ ሲቀቀል፣ በመጨረሻም የአባቴን የቀፎ ዛፍ። እንግዶቹ እያመሰገኑ ይሄዱ ነበር። እኛም ቡና እስኪደርስ ያለውን ክፉ ወራት የሰው ፊት ሳናይ ማለፍ ጀመርን።

እንግዶቹን ከሚዛን በመኪናው የሚያመጣልን ያ ሰውዬ ነው፤ ሥራው ማስጎብኘት ነው። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ላይ ጥሩ ሰው ነበር። ሰው ፊት ቆሜ መናገር ያስተማረኝ እሱ ነው። "እህቴ፣ መሬት መሬት አትዪ፤ ቤትሽ ድረስ የመጡ ሰዎች ናቸው" ይለኝ ነበር። እኔም ጋሼ እለው ነበር። ቡና ሲለቀም ለእሱ ድርሻ እናስቀምጥለታለን፤ የእናቴን ቆጮ ሲበላ ሳይጨምር አይነሳም። ከማያውቁት ሰው የመጣ በደል ቶሎ ይረሳ ይሆናል፤ ይሄኛው ግን ቤታችን የበላ ሰው ነው።

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ቀፎ ሲጠርብና ሲሰቅል የኖረ ሰው ነው። የእኛ አገር ቀፎ የዋንዛ ግንድ ለሁለት ተሰንጥቆ፣ ውስጡ ተቦርቡሮ፣ መልሶ ተገጥሞ በሐረግ የሚታሰር ነው። እንግዳ መቀበል በጀመርንበት ዓመት የአባቴ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። በዚያው ዓመት አንድ ቀፎ ጠረበ፤ ድሮ በጥቂት ቀን የሚጨርሰው ሥራ ሁለት ወር ፈጀበት። የአጎቴ ልጅ ወጥቶ ሰቀለለት። አባቴ መጥረቢያውን ጠራርጎ ግድግዳ ላይ አንጠለጠለና "ይሄ የመጨረሻዬ ነው" አለ። እንግዳ ሲመጣ ዛፉ ሥር ተቀምጦ ስለ ንቦቹ ያወራል፣ እኔና ሰውየው እናስተረጉማለን።

በእኛ ጫካ የቀፎ ዛፍ አጥር የለውም፤ ግን ባለቤት አለው። የትኛው የማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ነው። በሰው ዛፍ ሥር የሚያልፍ ሰው ጮክ ብሎ ድምፁን አሰምቶ ያልፋል፤ ተደብቆ መጣ እንዳይባል። ይህን ሁሉ ሰውየው በሚገባ ያውቅ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ከአባቴ አፍ እየተቀበለ ለእንግዶች የተረጎመው ራሱ ነው።

አንድ ቀን አባቴ ጫካ ደርሶ ሲመለስ በእጁ የእንጨት ስንጣሪ ይዞ መጣ። ደጃፍ ላይ ተቀመጠ። እየሮጥኩ ወደ ዛፉ ሄጄ አየሁት። ያ የመጨረሻው ቀፎ ከላይ ተቆርጦ ወድቆ ለሁለት ተሰንጥቋል፣ የማሩ እንጀራ ተበትኗል፣ ገና ያልተፈለፈለውን እጭ ጉንዳን ወርሮታል። ጥቂት ንቦች የግንዱ ስንጥቅ ላይ ይርመሰመሱ ነበር።

ማን እንዳደረገው ያወቅሁት ለገበያ ሚዛን ወርጄ ስልኬ ኔትወርክ ሲያገኝ ነው። ሰውየው ራሱ ቪዲዮ ለጥፏል። እኛ በማናውቀው ቀን በታች በኩል በሌላ መንገድ እንግዶች ይዞ ገብቷል፤ ስድስቱን ቤት እንዲያው ዘልሎ። ከሌላ ቀበሌ ዛፍ የሚወጣ ሰው አምጥቶ ቀፎውን አስወርዷል። እንግዶቹ ጣታቸውን ይልሳሉ፣ እሱ ፈገግ ብሎ "ባለቤት የሌለው የዱር ማር ነው" ይላል። ደሜ ፈላ። ቪዲዮውን ስልኬ ላይ አውርጄ ለአባቴ አሳየሁት። አንዴ አየው፤ ድገሚልኝ አለኝ፤ ለሦስተኛ ጊዜም አየው። ከዚያ "ቀፎው ሲወድቅ ድምፁ አይሰማም" አለ። ሰውየው ዘፈን ጨምሮበት ነበር።

እኔ የፈለግኩት ፍርድ ቤት ነበር። ፈቃዱ እንዲነጠቅ ፈለግኩ፣ የመኪናው ጎማ በሙሉ እንዲተነፍስ ፈለግኩ፣ ሌላም የማልጽፈው ነገር ፈለግኩ። አባቴ ግን ለሽማግሌዎች ተናገረ። ሰውየው ተጠርቶ ስላልመጣ በሌለበት ወሰኑ፤ ራሱ ጠርቦ፣ ራሱ ወጥቶ እስኪሰቅል ድረስ እሳትና ውሃ ይከልከል ተባለ። ይህ ማለት ማንም ሰላም አይለውም፣ ማንም ውሃ አያቀብለውም፣ ቢቸገርም ማንም እጁን አያነሳለትም ማለት ነው። ክልከላውን ማንሳት የሚችለው የተበደለው ሰው ብቻ ነው።

ውሳኔው ሲነገረው "ይሄ የድሮ ነገር ነው፣ ተክቼ እልካለሁ" ብሎ ሳቀ አሉ። በሳምንቱ በሞተር አንድ በሳጥን የተሠራ ዘመናዊ ቀፎ፣ ቀለም የተቀባ፣ ላከ። አባቴ ዞሮም አላየው። ሳጥኑ ደጅ ተቀምጦ ዝናብ ሲመታው ከረመና ዶሮዎቻችን እንቁላል ይጥሉበት ጀመር። እናቴ ብቻ ነበረች የወደደችው።

በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ነው። ሐምሌ ላይ አራት እንግዶች ይዞ በዚያው በታችኛው መንገድ ሲገባ መኪናው ከመንደሩ በታች ጭቃ ውስጥ ሰመጠ። በክረምት መኪና ከጭቃ ማውጣት እኛ ጋ እንደ ሰላምታ ነው፤ ሰው ሳይጠራ ይመጣል፣ ይገፋል፣ ይስቃል፣ ይሄዳል። ያን ቀንም ሰው መጣ። መንደሩ በሙሉ መጣ ማለት ይቻላል። ግን ዳገቱ ላይ እጁን አጣጥፎ ቆመ።

"ወገኖቼ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ግፉኝ" አለ። አንድም ሰው ከዳገቱ አልወረደም። ጎማው ሲሽከረከር ጭቃው ፊቱ ላይ ይረጭ ነበር። ከዚያ እኔን አየኝና "እህቴ" አለ።

በአጠገቡ አልፌ የኋላውን በር ከፈትኩ። እንግዶቹን በእንግሊዝኛ እንኳን ደህና መጣችሁ አልኳቸው፤ ዝናቡ እስኪያባራ ቤት እንዳለ፣ ትኩስ ምግብ እንዳለ፣ ነገ ጫካውን ባለቤቶቹ ራሳችን እንደምናሳያቸው ነገርኳቸው። ሻንጣቸውን ተሸክመን ዳገቱን ወጣን። አንዷ ሴትዮ ዞር ብላ "እሱስ?" አለችኝ። "እሱ መኪናውን ይጠብቃል" አልኳት። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ሰውየው እዚያው መኪናው ውስጥ አደረ። በማግስቱ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ደጃችን ቆመ። አባቴ ከግድግዳው ላይ መጥረቢያውን አውርዶ ሰጠው፣ ለቀፎ ያስቀመጠውን የዋንዛ ግንድም በእጁ አሳየው። በቃ ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ ሰውየው በየሳምንቱ እየመጣ ደጃችን ተቀምጦ ይጠርባል። መዳፉ አብጦ ሲፈነዳ አያለሁ፤ በአጠገቡ ውሃ ተሸክሜ አልፋለሁ፤ አልሰጠውም። ከራሱ ጠርሙስ ይጠጣል። ጋሼ ማለቴን ያኔ ተውኩ፤ እስካሁንም ምንም ብዬ አልጠራውም።

ቀፎው ሲያልቅ ጠማማ ነበር። አንዱ ጫፉ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን። አባቴ አገላብጦ አየውና "ይሰቀል" አለ።

የተሰቀለ ዕለት ተራው የእኛ ቤት ነበርና ከአዲስ አበባ የመጡ አምስት ጎብኚዎች ይዤ ዛፉ ሥር ደረስኩ። የአጎቴ ልጅ ቀድሞ ወጥቶ ገመዱን ቅርንጫፍ ላይ አዙሮ ወረደ። የገመዱ አንዱ ጫፍ ሰውየው ወገብ ላይ ታሰረ። ሌላውን ጫፍ አጠገቡ ባለ ዛፍ አንድ ዙር ጠምጥሞ ከታች የሚይዝ ሰው አለ፤ ሊይዘው የነበረው የአጎቴ ልጅ ነው። ያን ቀን ግን አባቴ ገመዱን ከእሱ እጅ ወስዶ ለእኔ ሰጠኝ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም። አጥብቄ ያዝኩ።

ግማሽ ሲደርስ ቆመ። ከፍታ እንደሚፈራ ያን ዕለት ነው ያወቅነው። ግንዱን አቅፎ "እህቴ፣ ያዢኝ" አለ። እኔም ወደ ጎብኚዎቹ ዞርኩና ሥራዬን ቀጠልኩ። ይህ ዛፉ ላይ የተንጠለጠለው ሰው ማን እንደሆነ፣ ቤታችን ምን ምን እንደበላ፣ የአባቴን የመጨረሻ ቀፎ እንዴት እንዳወረደ፣ በቪዲዮው ምን እንዳለና ዘፈን እንደጨመረበት አንድ በአንድ ነገርኳቸው፤ እሱ እላይ ሆኖ እየሰማ። አንዱ ጎብኚ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጽ ነበር። አልከለከልኩትም።

ከዚያ ገመዱን አንድ ክንድ ያህል ለቀቅኩለት።

አምልጦኝ ነው ብል ማንም አይከራከረኝም ነበር። ግን አላመለጠኝም። ሰውየው ተንሸራተተ፣ ጫማው ልጡን ላጠው፣ አንድ ድምፅ አወጣ። አባቴ ከጎኔ ነበር፤ የሚንቀጠቀጠውን እጁን ገመዱ ላይ፣ ከእጄ ፊት አደረገ። አልተቆጣኝም። "ልጄ፣ ዛፍ ላይ ያለ ሰው ጠላት አይባልም" አለኝ ቀስ ብሎ። "ሲወርድ ጥይው።"

አጠበቅኩ። ሰውየው ወጣ። ቀፎውን ጎትተውለት አሰረ፤ ማሰሩ ብቻ ግማሽ ቀን ፈጀበት። ሲወርድ ዛፉ ሥር ተቀመጠ። አባቴ በቅል ውሃ ቀድቶ በራሱ እጅ ሰጠው፤ ክልከላው በዚህ ተነሳ። ሰዎች መጥተው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። እኔ ገመዱን መጠቅለል ነበረብኝ።

አንድ ተስፋ ብቻ ቀረኝ፤ ንብ እንዳይገባበት። እንዲህ ያለ ጠማማ ነገር ንብ አይገባም ብዬ ነበር። ነጩን ማር የሚያስገኘው የገተም ዛፍ ሲያብብ አባቴ አንድ ጠዋት ከጫካ ሲስቅ መጣ። ቀፎው ሞልቷል።

ሰውየው አሁን በላይኛው መንገድ ነው የሚመጣው። የባለተራውን ቤት ሰው ጠብቆ፣ ከኋላ ሆኖ ይከተላል። ዛፉ ሥር ስንደርስ እንግዶች ነጩን ማር ቀምሰው ቀፎውን የጠረበው ማን እንደሆነ ይጠይቁኛል። ስንጀምር ለእንግዳ አንዋሽም ብለን ተስማምተናልና በጣቴ አሳያቸዋለሁ። ያጨበጭቡለታል።

አባቴ በየዓመቱ ከዚያ ቀፎ አንድ ጣሳ ማር ለእኔ ለይቶ መደርደሪያዬ ላይ ያስቀምጣል። አልነካሁትም። አሁን ሦስት ጣሳ ሆኗል፤ ረግቶ ነጭ ሆኗል። "አንድ ቀን ትቀምሺዋለሽ" ይለኛል። ማር አይበላሽም፤ እኔም አልቸኩልም።