የአባቴ መጥፎ ቀን

አባቴ ኤምሪስ የአካል ጉዳተኛ ድጎማዬን ፎርም ሲሞላ የሚጽፈው መጥፎ መጥፎውን ቀን ብቻ ነበር። በእኛ በዌልስ መንደር ሁሉም የሚመክረው ይህንኑ ነው፤ ደህናውን ቀን ከጻፍክ፣ ልጅህ ድናለች ብለው ድጎማውን ያቋርጡብሃል። ስለዚህ «ደረጃው ላይ ወደቀች» ብሎ ይጽፋል። አዝሎኝ እየዘፈነ ደረጃውን ሲያወጣኝ ሁለታችንም በሳቅ ፍርስ ማለታችንን ግን አይጽፍም።

ዩኒቨርሲቲ ልገባ ስል ለውጡን ለማሳወቅ ድጎማውን ለሚሰጠው ቢሮ ደወልን። አርባ ደቂቃ ያንኑ የተረገመ ሙዚቃ ካሰሙን በኋላ አንዲት ሴት አነሳች። አዲሱን አድራሻዬንና እዚያ ማን እንደሚያለብሰኝ ነገርኳት። ከዚያ የአባቴ ተራ ሆነ፤ እኔን በመንከባከቡ አበል ይከፈለው ነበራ።

«እንክብካቤው የሚያበቃው መቼ ነው፣ ጌታዬ?»

«ምን ያበቃል? አድራሻ ነው እኮ የቀየረችው!»

«ይገባኛል፤ ግን ቀን መሙላት አለብኝ።»

ስልኩን ወደ እኔ ገፋው። «አንቺው ንገሪያት፣ የኔ ልጅ።»

«እሁድ» አልኳት፤ ከቤት የምወጣበትን ቀን።

ስንቱን መጥፎ ቀኔን ጻፈልኝ! የእሱን መጥፎ ቀን፣ ያቺን እሁድን ግን የሚጠይቅ ፎርም አልነበረም። ይኸው እኔ ጻፍኩለት።